ግመል የማይወጣው ዳገት



ዛሬ እዚህ አዲስ አበባ ልደታ ያቆሙኝ እሑድ እሑድ ጎሕ ሳይቀድ አውቶቡስ ተሳፍረው ተራራ ሊወጡ የሚሄዱት የሠፈራችን ልጆች ናቸው። የሰጡኝ ርእስ አጭር ነው። «ወንዝ፣ ኮረብታና የእግር መንገድ ስላላት አንዲት የገጠር ከተማ ይንገሩን» አሉኝ። የትኛዋን? ብላቸው «እሱን እርስዎ ይምረጡ» ብለው ሸክሙን ለእኔ ተዉት። እኔም አንኮበርን መረጥኩ። የመረጥኳት የልደታ ሰው ከሚገምተው በላይ ዘመዱ ስለሆነች ነው። ዝምድናውን ቆይቼ እቆጥርላችኋለሁ።

ስለ መንገድ ለማውራት ልደታ የሚያሳፍር ቦታ አይደለም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን በረራ ሲያደርግ የተነሣው ከዚሁ ከልደታ ሜዳ ነው፤ «አሮጌው አውሮፕላን ማረፊያ» የምንለው ስም ከዚያ የቀረ ነው። ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የከተማው ባቡር በራሳችን ላይ ይመላለሳል። አየሩንም ሐዲዱንም የምታውቁ ሰዎች ናችሁ። እኔ ዛሬ የማወራው ከሁሉም ስለሚያንሰው መንገድ ነው፤ ጭነት የያዙ ሁለት አህዮችን ጎን ለጎን ስለማያሳልፈው።

ሦስት ነገር አነሣለሁ፤ መጀመሪያ ውኃውን፣ ቀጥሎ መንገዱን፣ በመጨረሻም እኛን ሂያጆቹን። እኩል አላካፍላቸውም፤ መንገዱ ላይ እቆያለሁ፣ ብረዝም ታገሡኝ።

ከውኃው ልጀምር።

ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው። እዚያ ወደ ምሥራቅ ስትታጠፉ ለአንኮበር 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ይቀራችኋል። ይህ የመጨረሻው ክፍል ከፍ ያለ ደጋ ነው፤ የገብስና የባቄላ ማሣ፣ የድንጋይ ካብ፣ የበግ መንጋ፣ ባና የተከናነበ እረኛ። ከመኪና ወርዶ ፎቶ ለማንሣት የሞከረ ሰው ጣቱ እየደነዘዘ ይመለሳል። ደብረ ብርሃን አጠገብ የምታዩት የበሬሳ ወንዝ ወደ ጀማ ይወርዳል፣ ጀማ ዓባይን ይቀላቀላል፣ ዓባይም የት እንደሚደርስ ለእናንተ አልነግርም።

ከዚያ ሜዳው በድንገት ያልቃል። ቀስ ብሎ እያዘቀዘቀ አይደለም የሚያልቀው፤ ድፎ ዳቦ ሲቆረስ እንደሚሆነው ነው። ከፊታችሁ ጉም ነው፣ ጉሙ ሲገለጥ ደግሞ ከእግራችሁ በታች እስከ አፋር በረሃ ድረስ የሚዘረጋ ቆላ። አንኮበር ከዚህ ጫፍ ትንሽ ወረድ ብላ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር በሚያልፍ ከፍታ፣ በኮረብታዎች ወገብ ላይ ተቀምጣለች። በዚህ ወገን የዘነበው ዝናብ ፊቱን ያዞራል። አይራራም ሌሎቹም ወንዞች ወደ አዋሽ ነው የሚሄዱት። አዋሽ ደግሞ ባሕር አይቶ አያውቅም፤ በጅቡቲ ጠረፍ አቤ ሐይቅ ውስጥ ገብቶ ይቀራል። አንድ ደመና በዚያ ሸንተረር ላይ ቢቆም ግማሹ ሜዲትራኒያንን ያያል፣ ግማሹ በረሃ ውስጥ ይተናል።

አሁን ወደ እንጦጦ ተመለሱ። ከእንጦጦ በስተሰሜን የወረደው ዝናብ በሙገር በኩል ወደ ዓባይ ይሄዳል። በስተደቡብ የወረደው የአቃቂ ነው። ትንሹ አቃቂ በምዕራብ አዲስ አበባ፣ በእኛ በልደታ በኩል ያልፍና ከታላቁ አቃቂ ጋር አባ ሳሙኤል ላይ ተገናኝቶ አዋሽ ይገባል። ምኒልክ አንኮበርን ትተው እንጦጦ ሲወጡ፣ ከእንጦጦም ወርደው አዲስ አበባን ሲቆረቁሩ፣ ከአንዱ የውኃ ድንበር ወደ ሌላው የውኃ ድንበር ነው የተዛወሩት። የሸዋ ነገሥታት ይህን አስበው ያደረጉት ነው አልልም፤ ከፍታ ይፈልጉ ነበር፣ ከፍታ ባለበት ደግሞ ውኃ ይከፈላል።

እንግዲህ አንደኛው ዝምድናችን ይህ ነው። የልደታ ውኃና የአንኮበር ውኃ አዋሽ ላይ ይገናኛሉ። አንዱ ከጫካ ጥርት ብሎ ይመጣል። ሌላው ምን ይዞ እንደሚሄድ ድልድያችን ላይ አፍንጫውን ይዞ ያለፈ ሁሉ ያውቀዋል።

ሁለተኛውን ዝምድና ጠዋት በምዕራብ በኩል ቀና ብላችሁ ብታዩ ታገኙታላችሁ፤ ወጨጫ ተራራ ነው። በወጨጫ ጉያ የመናገሻ ሱባ ጥንታዊ የጽድ ደን አለ። በቃል ሲወርድ እንደመጣው ታሪክ፣ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ እዚያ ያስተከሉት ጽድ ዘሩ የመጣው ከወፍ ዋሻ ነው። ወፍ ዋሻ ከአንኮበር ወደ ጣርማ በር በሚሄደው ገመገም ላይ የተንጠለጠለው ደን ነው፤ ጽድ፣ ዝግባ፣ ወይራ፣ ከፍ ሲል ኮሶ፣ ከዚያም በላይ አስታ። ታሪኩን እንደ ሰነድ አትያዙት፤ እንደ አደራ ያዙት እንጂ። ለዝምድና ቆጠራ ከበቂ በላይ ነው።

ውኃውን እዚህ ላይ ላቁምና ወደ መንገዱ ልለፍ፤ የመጣሁት ለእሱ ነው።

ስሟን ተመልከቱ፤ አንኮ በር። አንኮ በአፈ ታሪክ የአካባቢው የኦሮሞ ባላባት ሴት ነበረች ይባላል። በሯ ግን አፈ ታሪክ አይደለም፣ ዛሬም ቆሞ ይታያል። ከባሕር ወደ ሸዋ ደጋ የሚመጣ ሰው የሚገባበት በር ነበር። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የሸዋ መሳፍንት መቀመጫ አደረጓት፤ የገነነችው ደግሞ ከ1805 እስከ 1840 ዓ.ም. በገዙት በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ነው።

ለምን እዚያ? ብላችሁ እንደምትጠይቁ አውቃለሁ፤ እኔም ጠይቄ ነበር። መልሱ ከታሪክ መጽሐፍ ይልቅ ከግመል እግር ነው የሚገኘው። ከታጁራ ወደብ የተነሣ ሲራራ ነጋዴ የአፋርን በረሃ በግመል ያቋርጣል፤ ሳምንታት ይፈጅበታል። ግመል ለበረሃ የተሠራ ነው፤ ለስላሳው መዳፉ በአሸዋ ላይ እንደ ልቡ ነው። ድንጋያማ ዳገት፣ ጭቃና ብርድ ግን አይችልም። ስለዚህ ከደጋው ግርጌ፣ ፋሬ ከሚባለው ቦታ ሲደርስ ያበቃለታል። ጭነቱ ይራገፋል፤ በበቅሎ፣ በአህያና በሰው ጀርባ ይከፋፈላል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ አቀበት ነው። ግመሉ የቆመበትንና ዳገቱ ያለቀበትን ሁለቱንም የያዘ ንጉሥ ቀረጡንም ወሬውንም ጠብመንጃውንም ያዘ ማለት ነው። የአንኮበር ምስጢር ይኸው ነው።

በሐምሌ 1833 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ካፒቴን ሐሪስ በዚህ መንገድ መጣ። ለንጉሡ ካመጣው ገጸ በረከት መካከል መድፎች ነበሩበት። እስቲ አስቡት፤ መድፍ በግመል ተጭኖ በረሃ ተሻግሮ ግርጌው ላይ ግመሉ «እኔ እዚህ ድረስ ነኝ» ሲል! ከዚያ ወዲያ ያለው የሸዋ ገበሬ ትከሻ ነው። በኅዳር 1834 ዓ.ም. ሣህለ ሥላሴ ከእንግሊዝ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራረሙ። ሐሪስ አገሩ ገብቶ ወፍራም መጽሐፍ አሳተመ፤ ስለ ንጉሡ ብዙ ይላል፣ መድፉን ስለተሸከሙት ግን ስማቸውን አናገኝም። ተሸካሚ በታሪክ ውስጥ ስም የለውም፤ ይህን አስታውሱልኝ፣ ስለ እኛ ሳወራ እመለስበታለሁ።

ከዳገቱ ግማሽ ላይ አልዩ አምባ አለች። የአርጎባ፣ የሐረርና የአፋር ነጋዴ የሚገናኝባት የእስላም ከተማ ነበረች። ታች ያለው ነጋዴ ጨውና ጨርቅ ያመጣል፤ ላይ ያለው ቡና፣ ቅቤ፣ የዝሆን ጥርስ ያወርዳል። ይህን ስናገር ደስ እያለኝ ብቻ አይደለም። በዚያው መንገድ ሰውም እየተሸጠ ወርዷል፤ በአካባቢው የባሪያ ገበያ ነበር። ያንን ዳገት የሚያወድስ ሰው ይህንንም አብሮ መናገር አለበት።

ከሐሪስ በኋላም ፈረንጅ አልተቋረጠም። የጣልያን ጂኦግራፊ ማኅበር በአይራራ አቅራቢያ ሌት ማረፊያ በተባለ ቦታ የጥናት ጣቢያ አቋቁሞ ነበር፤ መሪው ኦራትሲዮ አንቲኖሪ በ1874 ዓ.ም. እዚያው ሞቶ እዚያው ተቀበረ። እኔን የሚያስቀኝ ግን የፈረንሳዊው የአርተር ራምቦ ነገር ነው። በወጣትነቱ ቅኔ ጽፎ ዓለምን ያስደነቀ፣ ኋላ ቅኔውን ትቶ ነጋዴ የሆነ ሰው ነው። ለምኒልክ የሚሸጥ ጠብመንጃ በግመል ጭኖ ከታጁራ ተነሣ፤ አራት ወር ገደማ በረሃ ለበረሃ ተንገላቶ፣ በ1879 ዓ.ም. አንኮበር ደረሰ። ምኒልክ የሉም! ሐረር ዘምተዋል፤ ሲመለሱም የሚገቡት አንኮበር ሳይሆን እንጦጦ ነው። ባለቅኔው ጠብመንጃውን አስይዞ እንደገና ወደ እንጦጦ ገሰገሰ። 1879 ዓ.ም. ለእኛ ምን ዓመት ነው? አዲስ አበባ የተቆረቆረችበት። ራምቦ የደረሰው በሩ ከተዘጋ በኋላ ነው፤ እኛ ደግሞ ገና ስንወለድ።

ሦስተኛው ዝምድናችን እንግዲህ ይኸው፤ እኛ የተወለድነው እሷን ባለቤቷ ጥሏት ሲሄድ ነው።

ቀሪውን የጨረሰው ባቡር ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ ድሬዳዋን አልፎ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ፣ የታጁራና የአንኮበር የግመል ንግድ ትርጉም አጣ። ቤተ መንግሥቱ ፈረሰ፤ ኋላ ኮረብታው ላይ በአሮጌው አምሳል ማረፊያ ተሠርቶበት ነበር፣ ከሥሩ ጥቂት የድሮ ግንብ ይታያል። አብያተ ክርስቲያናቱ ግን አሉ፤ ኪዳነ ምሕረት፣ መድኃኔ ዓለም፣ ሚካኤል። የወረዳው ሥራ የሚሠራው ጎረቤላ በምትባለው ትንሽ ከተማ ነው።

መንገዱስ? መንገዱ አልሞተም። ንጉሥ ሄደ፣ ነጋዴ ሄደ፣ መኪና መንገድ ተጠረገ፤ የእግሩ መንገድ ግን ዛሬም በገበያ ቀን ይሞላል። የቆላው ሰው ማሽላና ጤፍ ይዞ ይወጣል፣ የደጋው ሰው ገብስና በግ ይዞ ይወርዳል። አንድ ቀን ሙሉ በማይሞላ ጉዞ ከብርድ ወደ ሙቀት፣ ከበርኖስ ወደ ሽርጥ፣ ከቤተ ክርስቲያን ደወል ወደ አዛን ትሻገራላችሁ። በገደሉ ጫፍ ላይ ጭላዳ ሣር ይነጫል። አንዲት ቡናማ ትንሽ ወፍም አለች፤ ሳይንስ ያወቃት ገና በ1968 ዓ.ም. ሲሆን በአንኮበር ስም ተሰይማለች። ኋላ በሰሜን ተራሮችም ተገኝታለች፤ ስሙ ግን የአንኮበር እንደሆነ ቀርቷል።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሄድኩ ጊዜ አንዲት ሸክም የያዙ እናት አግኝቼ «እማማ፣ የእግር ጉዞው መንገድ ከየት ነው የሚጀምረው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ሸክማቸውን ሳያወርዱ ዞር ብለው አዩኝና «የቱ? የገበያው ነው የፈረንጁ?» አሉኝ። ደንግጬ «የገበያው» አልኩ። «እሱማ አይጀምርም፣ ቆመህበታል» ብለውኝ ሄዱ። ምን ያህል ይርቃል ብዬ ተከትዬ ብጠይቅ «ይችው ናት» አሉኝ። የአገር ቤት «ይችው ናት» ስንት ሰዓት እንደሆነ ከእናንተ መካከል የሚያውቀው እጁን ያውጣ! እኔ ሦስት ሰዓት ተኩል ሄድኩ።

የዛሬ ምሽት ነገሬ በሙሉ ከእሳቸው የተቀዳ ነው። እኛ የከተማ ሰዎች «ሀይኪንግ» ስንል መንገዱ ለእኛ የተዘረጋ ይመስለናል። እንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ሲመረቅ በርግጥ ለእኛ ተብሎ የተነጠፈ መንገድ አገኘን፤ መልካም ነው፣ እኔም እሄድበታለሁ። አንኮበር ግን እንጦጦ ፓርክ አይደለችም። የአንኮበር መንገድ ባለቤት አለው፤ በቀን ሁለቴ የሚረግጠው ሰው። እኛ የሰው ግቢ አቋርጠን የምናልፍ እንግዶች ነን።

ወደ ሦስተኛው ልግባ፤ ስለ እኛ።

የአንድ እሑድ ጉዟችንን እንቁጠር። አውቶቡሱ ከአዲስ አበባ ይነሣል። ምሳው ከአዲስ አበባ ተጭኗል፣ ውኃው በፕላስቲክ ጠርሙስ ከአዲስ አበባ ተጭኗል፣ ሙዚቃውም ከአዲስ አበባ ነው፤ ይቅርታ አድርጉልኝና ድምፁ ደግሞ እስከ ቆላ ይሰማል። ደርሰን እንወርዳለን፣ እንወጣለን፣ ፎቶ እንነሣለን፣ እንመለሳለን። ለአገሩ የተውነው ምንድን ነው? ጠርሙሱን። የዚያ አገር ሰው ጎመንና እንጀራ፣ ጠላ፣ እርጎ አጥቶ ነው? የጎረቤላ ሴት አንድ ሌማት ብትሸጥልን የእሑዱ ጉዞ ለእሷም እሑድ ይሆንላት ነበር። እንግዳ የመጀመሪያው ቀን ወርቅ ነው ይባላል፤ የቀሩትን ቀኖች እናንተው ጨርሱት።

ሌላው አቋራጭ ነው። አህያ ዳገት ቀጥ ብላ አትወጣም፤ ግራ ቀኝ እያለች፣ እየተጠማዘዘች ነው የምትወጣው። ሰነፍ ሆና አይደለም፤ ጭነቷን የሚያስችላትን ተዳፋት እግሯ ያውቀዋል። የእኛ ልጆች ጥምዝምዙ ይሰለቻቸውና ቀጥ ብለው ይቆርጡታል። ሠላሳ ሰው ከቆረጠው ሣሩ ይጠፋል። ክረምት ሲገባ ጎርፍ ያንን መስመር ያገኘዋል፣ ቦይ ያደርገዋል፣ በሚቀጥለው ዓመት ሸለቆ ይሆናል፤ ከሥሩ ያለው ማሣ ደግሞ የአንድ ሰው ዓመት ነው። አሥር ደቂቃ ለማዳን የገበሬ አፈር እየወሰድን እንመለሳለን።

የተሻለ ነገር ሩቅ ሄደን መፈለግ የለብንም። በሰሜን ወሎ መቄት ወረዳ፣ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ፣ ተስፋ በሚባል የማኅበረሰብ ቱሪዝም ሥራ ገበሬዎች በገደሉ አፋፍ ላይ ጎጆ ሠርተው እንግዳ ሲያሳድሩ ቆይተዋል፤ መቋት ማርያም አንዷ ናት። ጎጆው የእነሱ ነው፣ ምግቡን እነሱ ይሠራሉ፣ አህያው የእነሱ፣ መሪው የእነሱ። እንግዳው ጥቂት ሆኖ ነው የሚሄደው፤ ለሃምሳ ሰው የሚሆን ጎጆም የላቸውም፣ እንዲኖራቸውም አልፈለጉም። ተሸካሚው ስም ያገኘው እዚያ ነው፤ የሐሪስን ተሸካሚዎች አስታውሱልኝ ያልኩት ለዚህ ነበር።

ከአንኮበር ደግሞ ብዙም ሳይርቅ መንዝ ላይ ጓሳ አለ። የመንዝ ሰው ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል ሥርዓት የጓሳውን ሣር ሲጠብቅ ኖሯል። ለዓመታት፣ ሦስትም አምስትም ዓመት፣ ይዘጋል፤ ማንም አያጭድም፣ ከብት አይገባም። ሲከፈት በደንቡ ይታጨዳል፤ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን አፈረሰው፣ ኋላ ሰዉ ራሱ በሌላ መልክ አቋቋመው። ዛሬ ቀይ ቀበሮ እዚያ የሚሮጠው በዘበኛ ጠብመንጃ ብቻ ተጠብቆ አይደለም፤ ሰዎች «ዘንድሮ አይታጨድም» መባባል ስላወቁ ነው። ለእግር መንገድም እንዲህ ማለት ይቻላል። «ዘንድሮ ይህ ዳገት ይረፍ» ማለት።

አሁን አንድ ከባድ ነገር ልናገር፤ ሳልናገር ብወርድ እናንተው ትታዘቡኛላችሁ። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ የሰሜን ሸዋ መንገድ እንደ ድሮው አይደለም። ስለዚህ «እሑድ ተነሡና ሂዱ» አልላችሁም። የሚሄድ ሰው ዘመድ ይጠይቅ፣ የአገሩን ሰው ይስማ። እዚያ ያሉት ግን ለእኛ ሲሉ አያቆሙም፤ ገበያው ገበያ ነው፣ ውኃ መቅዳት ውኃ መቅዳት ነው። እኛ የምንቀርበት ሽርሽር ለእነሱ ዕለታዊ መንገዳቸው ነው። መቅረታችን ያሳዝነኛል፤ የእነሱ መሄድ ግን ያስጨንቀኛል።

እስኪያልፍ ድረስ በቅርባችን እንለማመድ። ወጨጫ አለ፣ እንጦጦ አለ፣ የራሳችን ወንዝ አለ። በ2011 ዓ.ም. ሸገርን የማስዋብ ሥራ ሲጀመር 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ ይለማል ተብሎ ነበር፤ የተሠራውን ሂዱና በእግራችሁ ለኩት፣ ያልተሠራውንም እንዲሁ። ትንሹ አቃቂን ተከትሎ የሚሄድ ሰው ቢያንስ ለአዋሽ ዘመዶቻችን ምን እየላክን እንደሆነ ያያል።

ልጨርስ። ልጆቹ አንድ ተግባራዊ ምክር ይጨምሩበት ብለውኛል፤ ይኸውላችሁ። በጠባብ የገደል መንገድ ላይ ጭነት የያዘች አህያ ከፊታችሁ ስትመጣ፣ አትሩጡ፣ አትጩሁ፣ ስልካችሁን አታውጡ። በዳገቱ በኩል፣ ጀርባችሁን ለግድግዳው ሰጥታችሁ ቁሙና አሳልፏት። በገደሉ በኩል የቆመን ሰው አህያዋ ሳትሆን ጭነቷ ይገፋዋል፤ እሷ ስለ ስፋቷ የምታስበው ጭነቱን ሳትጨምር ነው። እኔ ይህን የተማርኩት በገደሉ በኩል ቆሜ ነው። ደግነቱ የአጋም ቁጥቋጦ ያዘኝ። የሱሪዬን ስፌት ማየት የሚፈልግ በሻዩ ሰዓት አሳየዋለሁ።